የርብን ከፍታ ከክትሩ ሥር ለሚያድረው ሰው ንገሩት

ለ፦ ውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር
ለ፦ ኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት
ለ፦ አማራ ክልል ውኃና ኢነርጂ ቢሮ

ጉዳዩ፦ በርብና በጉማራ ወንዞች ዳር ለሚኖረው የፎገራና የሊቦ ከምከም ሕዝብ የወንዝ ከፍታ መረጃ በሰዓቱ እንዲደርስ ስለመጠየቅ

የምጠይቃችሁ አንድ ቁጥር ነው። ከወረታ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ድልድይ ሥር ርብ ስንት ሜትር ላይ እንደደረሰ የሚነግረው ንባብ፣ በተነበበበት ሰዓት ወደ ናቤጋ፣ ወደ ዋገጠራ፣ ወደ ሺና፣ ወደ ቅድስት ሐናና ወደ ሻጋ ቀበሌዎች ይድረስ። በወንዙ ዳር ከተሠራው የአፈር ክትር አናት ስንት እንደቀረውም አብሮ ይነገር። ለጉማራም እንዲሁ ይደረግ። ደብዳቤዬ የረዘመው ይህ ቁጥር ለምን የሕይወት ጉዳይ እንደሆነ፣ ዛሬ በሚነበብበት ሁኔታም ለምን እንደማይበቃ ማስረዳት ስላለብኝ ነው። በግልጽ የጻፍሁትም ጉዳዩ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ከአንድ በላይ ስለሆነና፣ የሜዳው ሕዝብም ምን እንደተጠየቀለት ማወቅ ስላለበት ነው። እኔ የወረታ ሰው ነኝ፤ ዘመዶቼ ከክትሩ ሥር ነው የሚያድሩት።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ርብና ጉማራ ሁለቱም ከጉና ተራራ ይነሣሉ። ጉና ከ4000 ሜትር በላይ ነው፤ ወንዞቹ የሚገቡበት ጣና ደግሞ 1786 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። ቁልቁለቱን ከሞላ ጎደል የሚጨርሱት ገና በላይኛው አገር ነው። ፎገራ ሜዳ ሲደርሱ መሬቱ ይዘረጋል፣ ውኃው ጉልበት ያጣል፣ ከጉናና ከእብናት ተራሮች ጠርጎ ያመጣውን አፈር መሸከም ያቅተውና እዚያው ያራግፈዋል። ፎገራን ፎገራ ያደረገው ይኸው አፈር ነው። ሩዙ፣ ዝናቡ ካበቃ በኋላ በቀረው እርጥበት የሚዘራው ጓያና ሽምብራ፣ በበጋ በፓምፕ የሚለማው ሽንኩርት፣ ስሙ የወጣለት የፎገራ ከብት የሚግጠው ሣር፣ ሁሉም ከጎርፍ የተገኘ ነው። ስለዚህ የሜዳው ገበሬ ጎርፍን አይጠላም። ውኃው መጥቶ፣ ደለሉን አስቀምጦ፣ በልኩ ሲመለስ ዓመቱ መልካም ነው ይላል። የሚፈራው ልኩን ሲያልፍ፣ በሌሊት ሲመጣና ማንም ሳይነግረው ሲደርስበት ነው።

የ1998 ዓ.ም. ክረምትን አገር ሁሉ ያስታውሰዋል። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ፤ ውኃው የመጣው ከከተማው በላይ ካለው ደጋ ነበር። ከሳምንት ገደማ በኋላ በነሐሴ መጀመሪያ የኦሞ ወንዝ ከዳርቻው ወጥቶ በዳሰነች ምድር 364 ሰው ሞተ። በዚያው ክረምት ፎገራና ደንቢያም በውኃ ተዋጡ። በእኛ በኩል የጠፋው የሰው ሕይወት ከሁለቱ ጋር የሚወዳደር አልነበረም፤ ቤት፣ እህልና ከብት ግን ብዙ ሄደ፣ ሕዝብም ተፈናቀለ። ሦስቱም ቦታዎች የሚጋሩት አንድ ነገር አለ፤ ዝናቡ የወረደው ሌላ ቦታ፣ የሞተውና የተፈናቀለው ሰው የነበረው ሌላ ቦታ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ሰዓት ለማንም ሳይጠቅም አለፈ።

ከዚያ ወዲህ በርብና በጉማራ ዳር የአፈር ክትር፣ መሐንዲሶቹ ዳይክ የሚሉት፣ በሰፊው ተሠርቷል። መንግሥት በማሽን ሠራ፣ ሕዝቡም በአካፋና አፈር በሞላው ጆንያ ጨመረበት። ክትሩ ጠቅሟል፤ ብዙ ክረምት ብዙ ማሳ አድኗል። ይህን ሳልናገር ወደ ሥጋቴ ብሻገር ሐቅን መካድ ይሆንብኛል።

ሥጋቴ ክትሩ የአደጋውን ጠባይ መለወጡ ላይ ነው። ቀድሞ ርብ ሲሞላ በሁለቱም ዳር ቀስ ብሎ ይሰፋ ነበር። ሰው ውኃው ወደ ደጁ ሲቃረብ ያየዋል፣ ከብቱን ያወጣል፣ እህሉን ቆጥ ላይ ይሰቅላል። አሁን ግን ውኃው በክትር ታስሮ ከሜዳው ከፍ ብሎ ይሄዳል። ክትሩ እስከቆመ ድረስ ከሥሩ ያለው ቤት ደረቅ ነው። በአንድ ቦታ ሲቀደድ ደግሞ የታሰረው ውኃ በዚያች ቀዳዳ ይመጣል፤ ለማየትም ለመሸሽም ፋታ አይሰጥም። በክትሩ የተማመነ ሰው ቤቱን ወደ ወንዙ ያስጠጋል፣ ጎተራውን መሬት ላይ ያቆማል። ክትር ያለበት ሕዝብ ክትር ከሌለበት ይልቅ ማስጠንቀቂያ የሚያሻው ስለዚህ ነው። ክትሩ ሲሠራ የማስጠንቀቂያው ሥራ አብሮት አላደገም።

ክትር የሚሰበረው ውኃው ከአናቱ ሲያልፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ቀላል ነበር። በሕንድ ቢሃር በነሐሴ 2000 ዓ.ም. የሆነውን አስታውሱ። የኮሲ ወንዝ ኔፓል ውስጥ ክትሩን ሰብሮ ሲወጣ የነበረው ውኃ፣ ክትሩ ይችለዋል ከተባለው አንድ አምስተኛውን እንኳ አይሞላም ነበር። ሚሊዮኖች ተጎዱ። ኮሲ ከሂማላያ ብዙ ደለል ያወርዳል፤ በክትር ከታሰረ ወዲህ ደለሉን ሜዳ ላይ መበተን ስላልቻለ በሁለቱ ክትሮች መሃል ሲያራግፍ ለአሠርት ዓመታት ኖረ፣ ወለሉም ከፍ አለ፣ ጥገናውም ተጓደለ። ርብና ኮሲ በመጠን አይገናኙም። ርብ ግን እሱም ደለል ተሸካሚ ነው፣ እሱም ታስሯል። ወለሉ ከፍ ባለ ቁጥር ክትሩ፣ ማንም ሳይነካው፣ ዝቅ ይላል ማለት ነው።

የእኛን ክትር የሚጎዳው ሌላም አለ። ክትሩ የተሠራበት መረሬ አፈር በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ታያላችሁ። የመጀመሪያው የሰኔ ሙላት የሚያገኘው ይህን ስንጥቅ ነው፣ መረሬው ረጥቦ አብጦ ከመግጠሙ በፊት። ከብት በተመላለሰበት ክትሩ ይጎደጉዳል። ፍልፈልና አይጥ ይበሱታል። የፓምፕ ቱቦ ለማሳለፍ የተቆረጠ ቦታ በግንቦት ሳይደፈን ከቀረ በነሐሴ የወንዙ በር ይሆናል። እነዚህን ሁሉ የሚያያቸው በክትሩ ላይ በእግሩ የሚሄድ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ ወንዝ ከፍታ የምጽፈው ሁሉ ክትሩን ከሚጠብቀው ሰው ጋር ካልተያያዘ ግማሽ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልመለስ። በአገራችን በወንዝ መለኪያ ጣቢያ ላይ የተለመደው አሠራር በድልድዩ ወይም በወንዙ ዳር በተተከለ ባለ ሜትር ዘንግ ላይ አንባቢው በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት፣ ከፍታውን አይቶ መዝገብ ላይ ማስፈር ነው። ይህ አሠራር ግድብ ለመንደፍ፣ መስኖ ለማቀድ፣ የዓመቱን የውኃ መጠን ለማስላት አገልግሏል። ዛሬ ስለ ርብ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ከእነዚያ አንባቢዎች እጅ ነው፤ ክብር ይገባቸዋል። ለማስጠንቀቂያ ግን አልተሠራም። በደጋው የክረምት ዝናብ በብዛት ከቀትር በኋላ ይወርዳል። የጉና ውኃ ተሰብስቦ ሜዳው ላይ ሲደርስ መሽቷል። አንባቢው ማታ 12 ሰዓት አይቶት የሄደው ወንዝና እኩለ ሌሊት ላይ ያለው ወንዝ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ጠዋት ሲመለስ ጫፉ አልፎ ውኃው መጉደል ጀምሯል። መዝገቡ ላይ የሚቀረው ሁለት መካከለኛ ቁጥር ነው፤ ሰው ያሰደደው ከፍታ በመዝገቡ ላይ የለም።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይከፋል። ወንዙ ከድልድዩ በላይ ዳርቻውን ጥሶ ወደ ሜዳው ሲወጣ፣ የወጣው ውኃ በድልድዩ ሥር አያልፍም፤ በጎን ይዞራል። ዘንጉ ላይ ያለው ከፍታ ባለበት ይቆማል፤ እንዲያውም ሊቀንስ ይችላል። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው ‹‹ውኃው ረጋ›› ይላል፤ በዚያች ሰዓት መንደሩ እየተጥለቀለቀ ነው። ስለዚህ ከፍ ብሎ ድንገት የቆመ ንባብ የሚያረጋጋ ምልክት ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ይህን ለአንባቢው ማስተማር አንድ ጠዋት ይበቃዋል።

ሦስተኛው የወለሉ ጉዳይ ነው። ከፍታን ወደ ውኃ መጠን የሚቀይረው ሠንጠረዥ የሚሠራው ባለሙያዎች ወንዙ ውስጥ ገብተው ወይም ድልድይ ላይ ቆመው ፍጥነቱንና ጥልቀቱን ለክተው ነው። ወለሉ በደለል ሲሞላ፣ ወይም ለግንባታ ተብሎ አሸዋው ሲወጣ ዝቅ ሲል፣ ያ ሠንጠረዥ ያረጃል። ከአሥር ዓመት በፊት ያለ ሥጋት ያልፍ የነበረ ከፍታ ዛሬ ከክትሩ አናት ጥቂት ብቻ የቀረው ሊሆን ይችላል። ክትሩ ራሱም ባለበት አይቆይም፤ ይጠቀጠቃል፣ ይሸረሸራል፣ አንዱ ቦታ ይጠገናል፣ ሌላው ይቀራል። ስለዚህ ሁለት ልኬቶች በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ መታደስ አለባቸው። አንደኛው የወንዙ ወለል ነው፤ ሁለተኛው የክትሩ አናት ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው። ክትር የሚጣሰው በዝቅተኛ ቦታው ነውና አማካይ ከፍታው ለማንም አይጠቅምም። ያ ዝቅተኛ ቦታ የት ቀበሌ፣ ከማን ማሳ አጠገብ እንደሆነ ከታወቀ፣ የሚጠበቀውም የሚጠገነውም ቦታ ታወቀ።

ከፍ ብሎ ባለው አገር የርብ ግድብ ተሠርቷል። 73 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፣ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። ብዙ ሰው ግድቡ ካለ ጎርፍ ቀረ ብሎ ያስባል። ግድቡ ባዶ ቦታ ባለው ወቅት የላይኛውን ውኃ ይይዛል፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የተሠራው ለመስኖ ነው፤ ለመስኖ የተሠራ ግድብ ክረምቱ ሲያልቅ ሙሉ እንዲሆን ይፈለጋል። በሞላበት ጊዜ የሚመጣው ሙላት በማስተንፈሻው በኩል ወደ ታች ያልፋል። ከግድቡ በታች ወደ ርብ የሚገቡ ገባሮችም አሉ፤ እነሱን ግድቡ አያውቃቸውም። ጉማራ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ግድብ የለም። ስለዚህ የግድቡ የውኃ ከፍታና ማስተንፈሻው መጀመሩ ለታችኛው ቀበሌ የሚነገርበት ሥርዓት ያስፈልጋል። ግድቡ ሊሞላ ሁለት ሜትር ሲቀረው አንድ ስልክ፣ ማፍሰስ ሲጀምር ሌላ ስልክ ይደወል።

ስለ ጣና ትንሽ ልቆይ፤ ከሜዳው ውጭ ያለ ሰው የማያስተውለው እዚህ ላይ ነው። ወንዞቹ ጫፋቸው ላይ የሚደርሱት በነሐሴ ነው፤ ሐይቁ ግን በመስከረም ነው የሚሞላው። ዝናቡ ጋብ ብሎ፣ ሰው ‹‹ክረምቱን ወጣነው›› ባለበት ሳምንት ሐይቁ ገና እየጨመረ ነው። ሐይቁ ከፍ ሲል የርብና የጉማራ አፍ ይታፈናል፤ ወደ ሐይቁ መግባት ያለበት ውኃ ቆሞ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ከክትሩ ውጭ ሜዳ ላይ የተኛው ውኃም መውጫ ያጣል። እንዲህ ባለ ዝርግ መሬት የሐይቁ ግማሽ ሜትር ብዙ ማሳ ይሸፍናል። በዚያን ጊዜ የመጣ፣ በነሐሴ ቢሆን ምንም የማያደርስ መካከለኛ ሙላት፣ በመስከረም መንደር ያጥለቀልቃል። የሐይቁ ከፍታ ደግሞ በሰው እጅ ያለ ነገር ሆኗል። ባሕር ዳር ላይ ዓባይ በሚወጣበት በጨራጨራ ሰባት መዝጊያ አለ፤ በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም ከሐይቁ ውኃ ይወስዳል። እነዚህ በየቀኑ ይለካሉ፣ በየቀኑ ይወሰንባቸዋል። ናቤጋ ያለ ገበሬ ግን ሐይቁ የት እንዳለ የሚያውቀው ቄጠማው ሲሰጥም አይቶ ነው። ማስጠንቀቂያው የሐይቁን ከፍታ ከወንዙ ጋር አብሮ የያዘ ይሁን፤ የወንዙ አደገኛ መስመር በነሐሴና በመስከረም አንድ መሆን የለበትም።

የሚከተለውን ስጽፍ ልቤ ያዝናል። ይህ ውኃ ከጉና ወርዶ፣ በርብ አልፎ፣ ጣና ገብቶ፣ በዓባይ ወጥቶ ካርቱም ይደርሳል። የሱዳን የውኃ ሚኒስቴር በክረምት በድንበሩ በድየም፣ በካርቱም፣ በሸንዲ፣ በአትባራ ወንዙ ስንት ላይ እንዳለ ለሕዝቡ በየቀኑ ሲያሳውቅ ኖሯል። በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ በካርቱም ከ17 ሜትር ተኩል ሲያልፍ፣ ከ1938ቱና ከ1980ው ሙላት መብለጡን የካርቱም ሰው በዚያው ሰሞን ያውቅ ነበር። ያ የጎረቤት ሕዝብ ዛሬ በጦርነት ነው ያለው፤ ሰላሙን እመኝለታለሁ። ሁለቱ ዓባዮች በሚገናኙበት የምትገኘው የቱቲ ደሴት ሰዎች ደግሞ ከድሮ ጀምሮ ‹‹ታያ›› የሚሉት ሥርዓት አላቸው፤ በሙላት ወራት ወንዙን ዳር ዳሩን ተከፋፍለው ሌሊት ሌሊት ይጠብቁታል፣ ክትሩ ሲሣሣ ተጠራርተው ይደርሱለታል። የእኛ ተራራ ውኃ ሺህ ኪሎ ሜትር አልፎ ከደረሰ በኋላ ከፍታው የሚታወቅ ከሆነ፣ ከተራራው ሥር ላለነው በመጀመሪያው ቀን የማይነገረን ምክንያት ሊኖር አይገባም።

ዕውቀቱ በእጃችሁ አለ። ኢንስቲትዩቱ የዕለትና የአሥር ቀን ትንበያ ያወጣል። አዲስ አበባ ያለው የምሥራቅ ናይል የቴክኒክ ቀጠናዊ ጽሕፈት ቤት የጣናን ዙሪያ የጨመረ የጎርፍ ትንበያ ያዘጋጃል። የጎደለው የመጨረሻው መንገድ ነው፤ ከቢሮው እስከ ክትሩ ሥር። በየክረምቱ ‹‹በጣና ዙሪያ ያሉ ዝቅተኛ አካባቢዎች ጥንቃቄ እንዲያደርጉ›› የሚል መልእክት በሬዲዮ እንሰማለን። ይህን የሰማ ገበሬ ምን ያድርግ? ዛሬ ነው? ነገ? በየትኛው ወንዝ? ከብቱን ያውጣ ወይስ ሩዙን ያርም? የጥንቃቄ መልእክት የት፣ መቼ፣ ምን ያህል የሚለውን ካልያዘ ጥቂት ክረምት ይሰማል፤ ከዚያ ጆሮ ይለምደዋል።

የምፈልገው ከባድ መሣሪያ አይደለም። በድልድዮቹ ምሰሶ ላይ በርቀት የሚታዩ ሦስት ቀለሞች ይቀቡ፤ የትኛው ከፍታ ላይ ንቁ፣ የትኛው ላይ ተዘጋጁ፣ የትኛው ላይ ውጡ እንደሚባል በክትሩ ዝቅተኛ ቦታ ልክ ተሰልቶ። ወንዙ ከመጀመሪያው ቀለም በላይ ሲሆን አንባቢው በቀን ሁለቴ ማንበቡን ትቶ በየሰዓቱ ሌሊትም ያንብብ፤ ለዚህም የሌሊት አበል፣ የእጅ ባትሪ፣ የዝናብ ልብስና የሚተካው ሁለተኛ ሰው ይሰጠው። ከሜዳው በላይ ባለው የወንዙ ክፍል የሚነበበውም ከፍታ ከዚህ ጋር ይያያዝ፤ ላይ የታየው ሙላት ታች እስኪደርስ ያለው ጥቂት ሰዓት ለእኛ ሁሉም ነገር ነው። ወደፊት በራሱ የሚለካና በሞባይል ኔትወርክ የሚልክ መሣሪያ ቢተከል ደስ ይለናል፤ ግን አንባቢውን ማሰናበቻ አይሁን። በደለልና በግንድ የሚመታ መሣሪያ መቼ እንደሚቆም አይታወቅም፤ ሰውና መሣሪያ ቢተያዩ ይሻላል።

መልእክቱ በድምፅ ይሂድ። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ ተቋርጧል፣ መንገድ ተዘግቷል፤ በኢንተርኔት ላይ ብቻ የቆመ ማስጠንቀቂያ በሚያስፈልግበት ቀን ላይኖር ይችላል። ከድልድዩ ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወደ ጎጥ የሚሄድ የስልክ ሰንሰለት ይኑር፤ እያንዳንዱ ስም ተጠባባቂ ይኑረው። ስልክ በማይሠራበት ቤተ ክርስቲያኑ ደወሉን፣ መስጊዱ ድምፅ ማጉያውን፣ ጎጡ ጥሩንባውን ይጠቀም። የደወሉና የጥሩንባው አጠራር ለለቅሶና ለእሳት ከሚደረገው የተለየ እንዲሆን ከካህናቱ፣ ከሼሆቹና ከእድር ዳኞቹ ጋር አስቀድሞ ይወሰን፤ ሌሊት ጥሩንባ ሰምቶ ወደ ለቅሶ ቤት፣ ምናልባትም ወደ ውኃው የሚሮጥ ሰው እንዳይኖር። ‹‹ውጡ›› ሲባል ወዴት? ያም ይወሰን። በሜዳው ላይ ከፍ ያለ ቦታ ጥቂት ነው፤ የትኛው ጎጥ ወደ የትኛው ጉብታ ወይም ትምህርት ቤት እንደሚሄድ፣ ከብቱ የት እንደሚያድር፣ አሮጊትና ሽማግሌውን፣ አራሷን ማን እንደሚያወጣ፣ ታንኳ ያለው ማን እንደሆነ ከሰኔ በፊት ይታወቅ። ከብቱን ትቶ የሚወጣ ገበሬ የለም፤ ለከብት ቦታ ያላዘጋጀ ዕቅድ ለሰውም አላዘጋጀም።

ክትሩን ለመጠበቅ ደግሞ ሕዝቡ ዝግጁ ነው። በደቦና በወንፈል የሚሠራ አገር ነው። እያንዳንዱ ጎጥ ከክትሩ የራሱ ድርሻ ይኑረው፤ ወንዙ ሁለተኛው ቀለም ላይ ሲደርስ በድርሻው ላይ ሁለት ሰው ይመላለስ። ከክትሩ ጀርባ ሥሩ ላይ ውኃ ሲመነጭ ካየ የውኃውን መልክ ይመልከት። ጥርት ያለ ከሆነ ይከታተለዋል። ድፍርስ ከሆነ ግን ውኃው የክትሩን ሆድ እየበላ ነው፤ በዚያች ደቂቃ ሰው መውጣት አለበት፣ ጆንያም መድረስ አለበት። ይህን አንድ ቁም ነገር ለእያንዳንዱ ጠባቂ ማስተማር ለክትሩ ብዙ ኪሎ ሜትር ከመጨመር የበለጠ ሕይወት ያድናል ብዬ አምናለሁ። ለጠባቂው ግን ሥልጣንም ይሰጠው፤ ክትር ቆርጦ ቱቦ የሚያሳልፈውን፣ በላዩ ከብት የሚነዳውን ‹‹ተው›› ሲል ቀበሌው ከጎኑ ይቁም።

ማስጠንቀቂያ አንዳንዴ ይስታል። ‹‹ውጡ›› ተብሎ ውኃው ሳይመጣ የሚቀርበት ሌሊት ይኖራል። ያን በመፍራት ዝም አትበሉ። በማግስቱ ወንዙ የት ደርሶ እንደተመለሰ፣ ለክትሩ አናት ስንት ቀርቶት እንደነበር ንገሩን፤ ገበሬ ዝናብን ሲጠብቅና ሲያጣ የኖረ ነው፣ የተሳተ ግምት ምን እንደሆነ ያውቃል። የማይታገሠው ቁጥሩ ተይዞ ሳለ ሳይነገረው የቀረበትን ነው።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፣ እሱም ከባዱ ነው። ለመንደሩ ‹‹ውጣ›› የሚለው ማን ነው? ከፍታውን የሚለካው አንድ መሥሪያ ቤት፣ ዝናቡን የሚተነብየው ሌላ፣ ግድቡን የሚያስተዳድረው ሌላ፣ የሐይቁን መዝጊያ የሚይዘው ሌላ፣ የተፈናቀለውን የሚረዳው ደግሞ ሌላ ነው። እያንዳንዱ የራሱን ሠርቶ፣ እያንዳንዱ የሌላውን እየጠበቀ ውኃው ሊገባ ይችላል። ስለዚህ በሌሊት ሰባት ሰዓት ማንንም ሳያስፈቅድ ሰው ማንቃት የሚችል አንድ ኃላፊ በወረዳ ደረጃ ይሰየም፤ በጽሑፍ ይሰየም፤ ስልኩም በየጎጡ ይታወቅ። የፎገራና የሊቦ ከምከም ወረዳዎች ክትሩን በሁለት ወገን ስለሚጋሩ ውሳኔው የሁለቱም ይሁን፤ በአንዱ በኩል የሚከመር ጆንያ ውኃውን ወደ ሌላው እንደሚገፋ ሁለቱም ያውቃሉ።

በአዋሽ ዳር፣ ከወንጂ እስከ አሚባራና ዱብቲ፣ በክትር ሥር የሚኖር ብዙ ወገን አለን። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ በአፋር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቅለዋል። እዚህ የሚሠራ ሥርዓት እዚያም ይሠራል፤ እዚያ የተሞከረ ካለም አምጡልን።

ክረምቱ ሳይገባ፣ እስከ ግንቦት ማብቂያ ድረስ፣ ሦስት ነገር በጽሑፍ እንድትመልሱልን እጠይቃለሁ። የክትሩ አናትና የወንዙ ወለል ዘንድሮ ተለክተው እንደሆነና ዝቅተኛው ቦታ የት እንደሆነ፣ የድልድዩ ንባብ በየትኛው ስልክ ወደ የትኞቹ ቀበሌዎች እንደሚደርስ፣ የሌሊቱን ውሳኔ የሚሰጠው ኃላፊ ማን እንደሆነ። መልሱ በወረታና በአዲስ ዘመን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ በየቀበሌው ስብሰባም ይነበብ።

ከአክብሮት ጋር
የወረታ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን
ለደቡብ ጎንደር ዞን አስተዳደር
ለፎገራ ወረዳ አስተዳደር
ለሊቦ ከምከም ወረዳ አስተዳደር
ለናቤጋ፣ ለዋገጠራ፣ ለሺና፣ ለቅድስት ሐናና ለሻጋ ቀበሌዎች ነዋሪዎች